ከለገሃር ተነስቶ አንድ ቀን ጀልባ ላይ ለመዋል፦ ባቦጋያ ይሻላል ደንበል?

ባለፈው ሳምንት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ደንበል ሕንፃ አካባቢ ቡና እየጠጣን ነበር። «ልጆቼን አንድ ቀን ጀልባ ላይ ላውላቸው አስቤያለሁ፤ የት ልውሰዳቸው?» አለችኝ። ጥያቄዋ አጭር ነው። መልሴ ግን ረዘመና ቡናው ቀዘቀዘ። ሳንጨርስ የምሳ ሰዓታችን አለቀ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው። እሷም ታንብበው፣ እንደ እሷ ግራ የገባውም ሰው ያንብበው።

መሀል አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ጀልባ ማለት መጀመሪያ መንገድ ማለት ነው። ከተማችን ወንዞች አሏት፤ ፓርኮቿ ውስጥም የተሠሩ ኩሬዎች አሉ። ጀልባ ላይ ተቀምጦ የተነሱበት ዳርቻ እየራቀ፣ እያነሰ ሲሄድ ለማየት ግን ከከተማ መውጣት ግድ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ስንመርጥ መንገድም እየመረጥን ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሩ

ብዙ ሰው «የቱ ሐይቅ ያምራል?» ብሎ ይጀምራል። ሁሉም ያምራሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከቤት ወጥቼ ቤት እስክገባ ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ፣ ስንት ሰዓት ውሃ ላይ እሆናለሁ?

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሀዋሳ ወሰድኳት። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን ማታ 3 ሰዓት ገባን። መንገዱ ለመሄጃ ብቻ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘጠኝ ሰዓት መኪና ውስጥ ቁጭ አልን። ጀልባ ላይ የቆየነው አርባ ደቂቃ ነው። እማዬ ውሃውን ስታይ እጇን ዘርግታ ነካችው፤ ያን ፊቷን አልረሳውም። ማታ ቤት ስንገባ ግን እግሯ አብጦ ነበር። አርባ ደቂቃ ለዘጠኝ ሰዓት። ሀዋሳ ምንም አልጎደላትም፤ ቀኑ ነው ያነሰን።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። ለአንድ ሰዓት ጀልባ ከሁለት ሰዓት በላይ መኪና አልነዳም። ካለፈ አድሬ እመለሳለሁ፣ ወይም ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። የታች ምክሬ ሁሉ ከዚህ ደንብ የሚነሳ ነው።

ወሩና ነፋሱ

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን በሐምሌ ጀልባ ላይ ሆነው ፎቶ ይልኩልናል። ያን ሰዓት እኛ ዣንጥላ ይዘን ታክሲ ወረፋ ላይ ነን። የእኛ የጀልባ ወቅት በጋ ነው። ከሁሉም ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ። ዝናቡ ቆሟል፣ ሐይቆቹ ሞልተዋል፣ ዳርቻው ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩም ጥርት ያለ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሙቀቱ ይከብዳል፤ አቧራም አለ። ክረምት ላይ የግድ መውጣት ካለባችሁ ጠዋት ሄዳችሁ ከሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነውና።

ከወሩ ቀጥሎ የሚመጣው ነፋስ ነው። ስለ ነፋስ ማንም አይነግራችሁም፤ ሄዳችሁ ነው የምታውቁት። ጠዋት ሐይቁ መስታወት ይመስላል። ፀሐይ መሬቱን እያሞቀች ስትሄድ ነፋስ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ውሃው ይናወጣል። ነፋሱ ውሃ ላይ ሳይሰበር የሚጓዝበት ርቀት በረዘመ ቁጥር ማዕበሉ ያድጋል። ስለዚህ እንደ ቢሾፍቱው ባቦጋያ ያለ ትንሽ፣ በገደል የተከበበ ሐይቅ ብዙ አያስፈራም። እንደ ደንበል ሐይቅና (ዝዋይ ማለቴ ነው፣ ሕንፃው አይደለም) እንደ ጣና ያለ ሰፊ፣ ግን ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ሐይቅ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ይታወካል። ማዕበሉ አጫጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፤ ጀልባዋን ያነጥራታል። ልጅ የያዘ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

አንድ ጊዜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሐይቅ መሀል ሞተር ጠፍቶብን ያውቃል። ስምንት ሰዎች ነበርን፤ ላይፍ ጃኬቱ አምስት ነበር። ሞተሩ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነሳ። በዚያች ሃያ ደቂቃ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ እየሰጠች ስትወዛወዝ አንድም ሰው አላወራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላይፍ ጃኬት ሳልቆጥር ጀልባ ላይ አልወጣም።

ቢሾፍቱ፦ ለልጆች፣ ለአዛውንት፣ ለግማሽ ቀን

ከመስቀል አደባባይ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ–አዳማ ፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ በጣም ቀሏል። የሚያስቸግረው ከተማ ውስጥ ያለው መንገድ ነው፤ ቃሊቲን በጠዋት ካለፋችሁ አብዛኛው ሥራ አለቀ። መኪና የሌለው ሰው ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ያገኛል።

ሐይቆቹ ብዙ ናቸው። ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ አረንጓዴው ሐይቅ። አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ውሃው ከመሬቱ ወለል ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ገደሉ ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ይከልለዋል። ላይ ላዩን ሲያዩአቸው ትንንሽ ናቸው። ባቦጋያ ግን ከ60 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። «ትንሽ ናት» ብሎ ልጅን ያለ ላይፍ ጃኬት ማሳፈር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ለጀልባ እኔ ባቦጋያን እመርጣለሁ። ዳርቻው ላይ ያሉ ሎጆችና መዝናኛዎች የመቅዘፊያ ጀልባና ካያክ ያከራያሉ። ሞተር ከሌለ ድምፅ የለም። ወፉን ትሰማላችሁ፤ መቅዘፊያው ከውሃው ሲወጣ የሚንጠባጠበውን ትሰማላችሁ። ልጆች ራሳቸው መቅዘፍ ይችላሉ፤ ያ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ሞተር ጀልባ ላይ ልጅ ተሳፋሪ ብቻ ነው። ኩሪፍቱ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ለጀማሪ ቀዛፊ ይቀላል። ሆራ የሕዝብ ቦታ ነው፤ ደመቅ ያለ፣ ዘፈን ያለበት፣ ሰው የሚበዛበት። ለወጣት ቡድን ጥሩ ነው። በኢሬቻ ሰሞን ግን ቢሾፍቱን ለመዝናኛ ጀልባ አታስቡ። በዓሉ ሆራ አርሰዲ ላይ የሚከበር ትልቅ በዓል ነው፤ መንገዱም ከተማውም በበዓለኛው ይሞላል።

ጉድለቱ ምንድን ነው? መድረሻ የለም። ትዞራላችሁ፤ ወደ ተነሳችሁበት ትመለሳላችሁ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ጀልባ ላይ «ለመዋል» ከሆነ ሐሳባችሁ ቢሾፍቱ አይበቃችሁም።

ደንበል፦ እኔ የምመርጠው

ደንበል ሲባል አዲስ አበቤ ሕንፃውን ያስባል። ሐይቁ ግን ባቱ ከተማ ዳር ተኝቶ ይጠብቃል። ዝዋይ ብለን ያደግንበት ሐይቅ ማለቴ ነው። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሀዋሳ ሐይቅን አራት ጊዜ ይውጠዋል።

ከመሀል ከተማ ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ድሮ በሞጆና በመቂ በኩል በከባድ መኪና መሀል እየተሹለከለክን ነበር የምንሄደው። አሁን ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ አለ። ለገሃር ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታችሁ 2 ሰዓት ገደማ ላይ ሐይቁ ዳር ቁርስ መብላት ትችላላችሁ። ደርሶ መልሱ አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ውሃው ላይ ደግሞ ሦስት ሰዓት፣ ከፈለጋችሁ ከዚያ በላይ መዋል ይቻላል። በእኔ ደንብ ደንበል ያለ ችግር ያልፋል።

ግን ደንበልን የምወደው ለሰዓቱ ብቻ አይደለም። ደንበል መድረሻ አለው። አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። መጀመሪያ ዳርቻው ላይ ሸምበቆውን ታልፋላችሁ። ፔሊካኖች እንደ ነጭ ጀልባ ተሰልፈው ይታያሉ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አሣ አጥማጆቹ አጠገብ ቆሞ የተረፈውን ይጠብቃል። ከዚያ ሐይቁ ይከፈታል፤ ወደ ኋላ ስትዞሩ ባቱ ቀጭን መስመር ሆናለች። ትንሽ ቆይቶ መስመሯም ትጠፋለች። በዚያች ሰዓት ባሕር ላይ ያለ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ይሰማል። ባሕር በር ሳይኖረን ይህን ማግኘታችን ይገርመኛል።

ቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም አለ። የአባቶች ትረካ እንደሚለው በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወጥታ እዚህ 70 ዓመት ገደማ ተቀምጣለች። ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም አሉ። ደሴቶቹ ላይ የዛይ ሕዝብ ይኖራል፤ አሣ አጥማጅም ገበሬም ነው፤ ኮረብታውን እርከን ሠርቶ ያርሰዋል። የራሱ ቋንቋ አለው፤ ዛይኛ ለስልጢኛና ለሐረሪኛ ዘመድ ነው። ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ጀልባ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከተማችን ውስጥ ስንኖር ሁሉም ሰው ስለ ሩቁ ያወራል። ይህን ቅርቡን ግን ረስተነዋል፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

ቱሉ ጉዶ ለሚረዝምባችሁ ቀረብ ያሉ ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ወፍ የሚበዛበት ደሴት ድረስ ሄዶ ጉማሬ አይቶ መመለስ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ጉማሬውን ከሩቅ እዩት። ጀልባ ነጂው ለፎቶ ጠጋ ልበል ቢላችሁ አይሆንም በሉት። ጉማሬ መንገዱ ሲዘጋበት ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ይገለብጣል።

ከውሃ ስትወጡ አሣ አለ። ቆሮሶ ተጠብሶ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር፣ እጅ እያቃጠለ። አዲስ አበባ የምንበላው አሣ መንገድ የደከመው ነው፤ ይህኛው ጠዋት ሐይቁ ውስጥ ነበር። በጾም ቀን የምትሄዱና አሣ የማትበሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ለምግብ ቤቱ ደውሉ።

ጉድለቱንም ልናገር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይከብዳል። ሐይቁ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው ጥልቀቱ፤ ስለዚህ ከላይ እንዳልኩት ቶሎ ይናወጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ውሃ ላይ መሆን፣ 7 ሰዓት ሳይሆን መመለስ ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ ውሃው ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። አይዋኝም፤ እግርም አይነከርም። ልጆች ይህን ለመቀበል ይከብዳቸዋል። ሦስተኛ፣ ጀልባዎቹ ጥላ የላቸውም፣ ያላቸውም ጥቂት ናቸው። ውሃ ላይ ፀሐይ ከላይም ከታችም ነው የምትመታው። ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያዙ።

ወንጪ፦ ጀልባው አጭር፣ ቀኑ ሙሉ

ወንጪ ከደንቤ ጋር የሚጋጭ ቦታ ነው፤ ግን እወደዋለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው። በሁለቱም በኩል ይገባል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር አካባቢ፣ ትልቅ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው ያለው። አፋፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩት ደሴቶች፣ የእርሻ ማሳ፣ ጭስ የሚወጣቸው ጎጆዎች በአንድ ሳህን ላይ የቀረቡ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል።

ጀልባው ወደ ደሴቱ፣ ወደ ወንጪ ቂርቆስ ገዳም ያሻግራል። አጭር ነው። ቀሪው ቀን በእግርና በፈረስ ነው፤ ፍል ውሃም አለ። ስለዚህ ወንጪ የጀልባ ቀን ሳይሆን ጀልባም ያለበት ቀን ነው። ውሃ ለሚፈራ ሰው እንዲያውም ይህ ይሻላል። ጉልበቱ ለሚያመው ግን አልመክርም። ብርዱም ቀላል አይደለም፤ ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ። በክረምት ጭጋጉ ሐይቁን ሙሉ ለሙሉ ሊሸፍነው ይችላል። የመንገዱን ሁኔታም ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ሰው ጠይቁ።

ሀዋሳ፣ ላንጋኖ፣ ጫሞ

ሀዋሳ በአንድ ቀን አይሆንም፤ እናቴን አስታውሱ። አንድ ሌሊት ካደራችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ትንሸራሸራላችሁ። ጠዋት አሞራ ገደል የአሣ ገበያው ሲደራ ታያላችሁ። ከዚያ ውሃው ሳይነቃ ጀልባ ትይዛላችሁ። አውሮፕላንም አለ። ላንጋኖ መዋኘት ለሚፈልግ ነው፤ ውሃው ቡናማ ነው፣ ግን ከቢልሃርዚያ ነጻ በመባል የሚታወቀው ሐይቅ እሱ ነው። ፈጣን ጀልባ የሚወድ ወጣትም እዚያ ይደሰታል። ጫሞ የአዞ ሐይቅ ነው። «አዞ ገበያ» የሚባለውን ዳርቻ ከጀልባ ላይ ማየት ልብ ያቆማል። አርባ ምንጭ ግን ሩቅ ናት፤ ሁለት ሌሊት ስጧት።

ጣና

ስለ ጣና በአጭሩ መናገር ይከብዳል። 37 ደሴቶች፣ ሃያ የሚያህሉ ገዳማት፣ በደንገል የተሠራች ታንኳ። በአውሮፕላን ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት በርሮ፣ ዘጌ ደርሶ፣ ማታ መመለስ የሚሞክሩ አሉ። ይቻላል፤ ግን ጣናን መሮጫ ማድረግ ይመስለኛል። ዘጌ ልሳነ ምድር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከጀልባ ወርዳችሁ በቡና ጫካ ውስጥ ነው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የምትሄዱት። ሥዕሎቹ ፊት ቁጭ ብሎ መቆየት ያስፈልጋል። ዳጋ እስጢፋኖስ ከሄዳችሁ የነገሥታት አስከሬን ያለበት ቦታ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ከሴቶች ጋር የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ዳጋ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ ሴት አያስገቡም። ዘጌ ያስገባል። እናቱን ይዞ ክብራን ደጅ ላይ ጀልባ ውስጥ የሚያስቀምጣት ሰው እንዳትሆኑ።

ጣና ላይም አይዋኝም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። ሁኔታው ሲመች ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ሁለት ሌሊት ከሰጣችሁት።

እውነተኛውን ባሕር ለሚሉ፦ ጉቤት

ለገሃር ያደገ ሰው ስለ ጅቡቲ ሳይሰማ አላደገም። የሰፈራችን ባቡረኞች ማታ ማታ ሲያወሩ ጅቡቲ ጎረቤት ቀበሌ ትመስል ነበር። አሮጌው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ሰፈሩ በአንድ እግሩ ባሕር ዳር የቆመ ነው። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ውሃው መሬት ውስጥ ገብቶ ስለሚጠፋበት፣ ተራራው ጥቁር ስለሆነበት ቦታ ይነግሩን ነበር። አድጌ ካርታ ሳይ ነው ጉቤት መሆኑን ያወቅኩት።

ጉቤት አል ኸራብ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መጨረሻ ላይ ያለ የባሕር ኪስ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ጋር የሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው እዚያ ላይ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ዙሪያው የቀዘቀዘ ገሞራ ነው። ከጉቤትና ከአሳል ሐይቅ መካከል እ.ኤ.አ. በ1978 አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቷል። አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከሁሉም ዝቅ ያለው ቦታ። ኪሱ መሀል ላይ ትንንሽ ጥቁር ደሴቶች አሉ፤ አንዷ የሰይጣን ደሴት ትባላለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ አሣዎች ወደዚህ ዳርቻ ይመጣሉ። ሰው አይበሉም፤ ምግባቸው ውሃው ውስጥ ያሉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። አዲሱ ባቡር ከፉሪ ለቡ ተነስቶ ናጋድ ጣቢያ ይገባል፤ መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልጋል። ወጪው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ቢያንስ ሦስት ሌሊት አስቡ። ጊዜ ካጠራችሁ ከጅቡቲ ከተማ ጀልባ ይዞ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት የኮራል ደሴቶች ላይ መዋል ይቀላል። እዚያ መዋኘት ይቻላል፤ ውሃው የጠራ ነው።

ዋናው ነገር ወሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አትሂዱ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከበረሃው የሚመጣው ነፋስ ደግሞ አሸዋ ይዞ ነው። የአዲስ አበባን ክረምት ሸሽቶ በሐምሌ ጅቡቲ የሄደ ሰው ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚመለሰው። ጥርን ጠብቁ።

ከጀልባ ነጂው ጋር ስትነጋገሩ

ዋጋ አልጽፍም፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ይቀየራል። ይልቅ የምጠይቀውን ልንገራችሁ።

«በሰው ነው ወይስ በጀልባ?» ይህ መጀመሪያ። በሰው ከሆነ ጀልባው እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ፤ ያ ደግሞ መልካሙን ጠዋት ይበላዋል። አምስት ስድስት ሰው ከሆናችሁ ኮንትራት ይሻላል። ቀጥሎ «ደርሶ መልስ ነው?» በሉ። ደሴት ላይ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ አብራችሁ ተስማሙ፤ ያለዚያ ገዳሙ ውስጥ ሳላችሁ ቶሎ በሉ የሚል ሰው ይልካል። አስጎብኚና የገዳም መግቢያ ለብቻው እንደሚከፈል ጠይቁ። የላይፍ ጃኬት ብዛት ጠይቁ፤ የልጅ ልክ ይኖር እንደሆነም። ትርፍ መቅዘፊያ ጀልባው ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ሙሉውን ብር ቀድማችሁ አትስጡ፤ ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ።

ጨዋ ጀልባ ነጂ ነፋሱ ሲመጣ «ዛሬ አይሆንም» ይላል። ይህን ያላችሁን ሰው ስልክ ቁጥር ያዙ። በሚቀጥለውም ለእሱ ደውሉ።

እንግዲህ ለባልደረባዬ

ትንሿ ልጅሽ አራት ዓመቷ ነው፣ ትልቁ ዘጠኝ። እሁድ ባቦጋያ ውሰጃቸው። ራሳቸው ይቅዘፉ። ከ8 ሰዓት በፊት ተመለሺ፤ ቃሊቲ ላይ የእሁድ ማታ መኪና አይጠብቅሽም። ትልቁ ልጅ ውሃውን ከወደደው ጥቅምት ላይ ደንበል ይዘሽው ሂጂ፣ ቱሉ ጉዶ ድረስ። ሁለት ሰዓት ያለ ስልክ ጀልባ ላይ መቀመጥ ይችላል። ትንሿን አያቷ ጋ ተያት፤ አሁን ለእሷ ይረዝምባታል።

እኔ ጥር ላይ እማዬን ባቱ ልወስዳት ነው። ጥምቀት ላይ ታቦታቱ ደንበል ላይ በጀልባ ሲጓዙ ማየት ትፈልጋለች። በዋዜማው ሄደን እናድራለን። ለጀልባ ነጂው ደውዬለታለሁ፤ ወንበሩ መደገፊያ ያለው ጀልባ እንዲይዝልን ነግሬዋለሁ።